ናቡከደነፆር ያልተከፈለው ደመወዝ

ጢሮስ ትጠፋለች የሚለውን ሕዝቅኤል ምዕራፍ 26ን ጠቅሶ የሚከራከር ሰው ሞልቷል። ሦስት ምዕራፍ ወደ ፊት ሄዶ 29ን የሚከፍት ግን እምብዛም አላየሁም። ስለ ጢሮስ የሚደረገው ሙግት ሁሉ ውሉ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቴን ቀስ ብዬ አመጣዋለሁ።

ነገሩ እኛ ቤት የገባው በእህቴ ልጅ ስልክ ነው። የአጎቴን ተዝካር አውጥተን፣ ካህናቱም ጎረቤቱም በልቶ ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ባለው ቤቱ ቤተ ዘመድ ብቻ ቀርተን ነበር። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ማታ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበንም ከምድጃው የራቀ አልነበረም። የእህቴ ልጅ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ይሠራል፤ ጌታን ከተቀበለ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስ ከአፉ አይለይም። ስልኩን አወጣና አንድ ቪዲዮ ከፈተልን። ድምፁ የጎረነነ ሰውዬ፣ ጢሮስ የምትባል ታላቅ ከተማ ነቢዩ እንደተናገረው ድራሿ እንደጠፋ፣ ዛሬ ዓሣ አጥማጅ መረቡን የሚያሰጣባት ራቁት ዐለት እንደሆነች፣ ለመጽሐፍ ቅዱስ እውነትነት ይህ ብቻውን በቂ ማስረጃ እንደሆነ ያውጃል። ከጀርባው ሙዚቃ አለ፤ እንዲህ ያለው ነገር ያለ ሙዚቃ አይነገርም መሰል።

«ይኸውላችሁ!» አለ ልጁ። ለሁላችንም የተናገረ ቢመስልም ዐይኑ ያረፈው የሚስቴ ወንድም ላይ ነው። እሱ ደብረ ሲና ታሪክ ያስተምራል፤ ሁለቱ ከተገናኙ ሳይነካከሱ አይለያዩም።

«ጠፋች ነው ያልከኝ?» አለ መምህሩ። «ጢሮስ እኮ ሊባኖስ ውስጥ ዛሬም አለች። ከተማ ናት፤ ሰው ይኖርባታል።»

«የዛሬዋ ሌላ ናት። የጥንቷ ናት የጠፋችው።»

ይኼኔ ሲኒ ስትሰበስብ የነበረችው የሟቹ ልጅ ቀና አለች። «ጢሮስ የምትሉት ሱርን ነው እንዴ?»

ነው። ዐረቦቹ ሱር ይሏታል። የአጎቴ ልጅ ሊባኖስ ለዓመታት ሠርታ ነው የተመለሰችው፤ መጀመሪያ ቤይሩት ነበረች፣ ኋላ ማዳሟ ወደ እናቷ ዘንድ ላከቻትና አሮጊቷን እያስታመመች ሱር ተቀመጠች። ስልኳን አመጣችና ፎቶ ፈለገች። ትንሽዬ ወደብ፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡ ጀልባዎች፣ ከድንጋዩ ዳር የተከመረ ቢጫ መረብ።

«መረብ! አያችሁ?» ብሎ ልጁ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ።

«መረቡስ አለ» አለችው። «ከመረቡ ጀርባ ግን ምግብ ቤት ነው፤ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ፎቅ ነው። እማማ የሚኖሩት ሦስተኛው ላይ ነበር። ውኃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ተሸክማ የምትወጣው ማን መሰለችህ? ራቁት ዐለት ቢሆንማ ምን ነበረብኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መሪጌታ ብቻ አልሳቁም። የአባቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ወጣትነታቸውን በቅኔና በትርጓሜ ቤት የጨረሱ፣ አሁን አንጎለላ በኩል ባለ አንድ ደብር የሚያገለግሉ። «እስቲ ልጄ፣ ያን ስልክህን 29 ላይ አውጣው» አሉ። «ከ17 ጀምረህ አንብብልን።»

ልጁ አነበበ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ክርክር ሌሊቱን አጋመሰ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ነገሩን እያገላበጥኩ ከርሜ እዚህ ልጽፈው ተነሣሁ።

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ልጀምርለት። ሕዝቅኤል ካህን ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ገደማ ከኢየሩሳሌም ተማርኮ ባቢሎን የወረደ፣ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ከስደተኞች ጋር የኖረ ሰው። ስለ ጢሮስ የተናገረው ኢየሩሳሌም በወደቀችበት ሰሞን ነው። የጢሮስ ኃጢአት ተብሎ የተጻፈው የነጋዴ ኃጢአት ነው፦ ጎረቤቷ ሲፈርስ እሰይ ብላ፣ ገበያው ወደ እኔ ዞረልኝ ብላ ደስ አላት። ለዚህም ብዙ አሕዛብ እንደ ባሕር ማዕበል ይነሡባታል ይላል፤ ቅጥሯን ያፈርሳሉ፣ ትቢያዋ ተፍቆ የተራቆተ ዐለት ትሆናለች፣ በባሕር መካከል የመረብ ማስጫ ትሆናለች። ቀጥሎ ስም ይጠራል፤ የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር። በሜዳ ያሉትን ሴቶች ልጆቿን በሰይፍ ይገድላል፣ ዐፈር ይደለድልባታል፣ በፈረሶቹ ኮቴ አደባባይዋን ሁሉ ይረግጣል። ድንጋይዋና እንጨቷ ውኃ ውስጥ ይጣላል። ዳግመኛም አትሠራም፤ ትፈለጋለች፣ አትገኝም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጢሮስ የምትባለው በዚያ ዘመን ሁለት ቦታ ነበረች። ዋናዋ ከተማ ከባሕሩ ዳርቻ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ያለች ደሴት ናት፤ ቤተ መንግሥቷም፣ ቤተ መቅደሷም፣ ወደቦቿም እዚያ ናቸው። ከፊት ለፊቷ በየብሱ ላይ የኋላ ሰዎች አሮጌዋ ጢሮስ ያሏት ሰፈር አለች፤ ለደሴቲቱ ውኃውም እንጨቱም መቃብሩም ከዚያ ነው። የትንቢቱ ጠበቆች ብዙውን ጊዜ የሚሸሸጉት በዚህች የየብስ ሰፈር ነው፤ ናቡከደነፆር እሷን አጥፍቷል፣ ስለዚህ ትንቢቱ ተፈጽሟል ይላሉ። የእህቴም ልጅ እንደዚያው አለ። ዳሩ ግን ነቢዩ ራሱ ይህን በር ዘግቶባቸዋል። የየብሶቹን መንደሮች ለብቻ ነጥሎ በሜዳ ያሉ ሴቶች ልጆቿ ይላቸዋል፤ እናቲቱ ግን በባሕር መካከል ያለችው ናት። ምዕራፍ 27 ላይ ሙሾ ሲያወርድላትም ዳርቻዋ በባሕር ልብ ውስጥ ነው ብሎ እንደ መርከብ ይሥላታል። የብስ ላይ ያለ ሰፈር መርከብ አይባልም።

ታዲያ ናቡከደነፆር ምን አደረገ? መጣ፤ ከበባት። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ የፊንቄን መዛግብት ጠቅሶ ከበባው 13 ዓመት እንደፈጀ ይነግረናል። (መሪጌታ ዮሴፍ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላቸው በግዕዝ ዜና አይሁድ ያለው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ነው፤ ሁለቱን ለመለየት ብቻ ሌላ አንድ ሰዓት ሄዷል፤ እሱን ልለፈው።) 13 ዓመት ከዳር ቆሞ አንዲት ደሴት መክበብ ቀላል ነገር አይደለም። ጢሮስ ግን ጀርባዋ ባሕር ነው፤ መርከብ አላት፤ እህል ከፈለገችበት ታስመጣለች። በመጨረሻ፣ ከልደት በፊት 573 ገደማ፣ ነገሩ በስምምነት ያለቀ ይመስላል። ጢሮስ ለባቢሎን ገበረች፤ በባቢሎን በተገኘ የሸክላ ጽሑፍ ላይም የጢሮስ ንጉሥ በናቡከደነፆር ግቢ ከሚቀመጡት መካከል ተቆጥሯል። ነጻነቷን አጣች፣ ክብሯ ተዋረደ። ቅጥሯ ግን አልፈረሰም፣ የፈረስ ኮቴም አደባባይዋን አልረገጠም።

እንግዲህ መሪጌታ ያስነበቡት ቦታ ላይ ደረስን። ምዕራፍ 29፣ ከቁጥር 17 ጀምሮ። በ27ኛው ዓመት፣ በመጀመሪያው ወር፣ በወሩ በመጀመሪያው ቀን ይላል፤ ዓመቱ የሚቆጠረው ከምርኮው ጀምሮ ነው። የጢሮስ ትንቢት በ11ኛው ዓመት ነበር፤ 16 ዓመት አልፏል ማለት ነው፤ ከበባው ካበቃም ሁለት ዓመት ያህል ሆኖታል። በመጽሐፉ ውስጥ ቀን ከተጻፈባቸው ቃሎች ሁሉ የመጨረሻው ይህ ነው፤ ሆኖም ከመጽሐፉ መጨረሻ ሳይሆን መካከል ላይ ተሰክቶ ይገኛል። የሚለውም ይህን ነው፦ ናቡከደነፆር ሠራዊቱን በጢሮስ ላይ ጽኑ ሥራ አሠራ፤ ራስ ሁሉ ተመለጠ፣ ትከሻም ሁሉ ተላጠ፤ ነገር ግን እርሱም ሠራዊቱም ከጢሮስ ደመወዝ አላገኙም። ስለዚህ ግብፅን እሰጠዋለሁ፤ ለሠራዊቱም ደመወዝ ትሆናለች።

ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ትከሻው ነው የሚታየኝ። መንዝ ውስጥ የድንጋይ ቤት ሲሠራ ጥርብ ድንጋይ ሲያመላልስ የከረመ ጎረምሳ ትከሻ እንደዚያ ነው፤ ሸሚዙ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ማታ በለብ ያለ ውኃ እያራሱ ነው የሚያላቅቁት። ዐፈርና ግንድ ተሸክሞ 13 ዓመት የደለደለው ወታደር ያልተዘረፈ ከተማ ትቶ ባዶ እጁን አገሩ ገባ። ነቢዩ ይህን አልሸፈነም። ከስደተኞቹ መካከል «አንተ ሰው፣ ጢሮስ ትጠፋለች ብለህ አልነበር?» ያለው መኖር አለበት፤ ባቢሎን ተቀምጦ የጦሩን መመለስ በዐይኑ ያየ ጎረቤት ሁሉ ሊለው ይችል ነበር። መልሱ ደግሞ ተፈጽሟል፣ እናንተ ናችሁ ያልገባችሁ አይደለም። መልሱ፦ አዎ፣ ሠራ፣ አላገኘም፤ ሌላ ይከፈለዋል ነው።

የእህቴ ልጅ ቪዲዮ የማይነግረን ይህን ነው። እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፣ ወይም ያልሆነው። ብራና ይፋቃል። የእኛ ጸሐፍት የተሳሳተ ፊደል በቢላ ፍቀው በላዩ ይጽፋሉ፤ መሪጌታም በወጣትነታቸው ብዙ ፍቀዋል። 29ን የጨመረ እጅ፣ የነቢዩ ይሁን የደቀ መዛሙርቱ፣ 26ን መፋቅ ወይም ማለስለስ አያቅተውም ነበር። ናቡከደነፆር የሚለውን ስም ብቻ አውጥቶ ብዙ አሕዛብ የሚለውን መተው ይበቃ ነበር፤ ትንቢቱ ለዘለዓለም ከነቃፊ ይተርፍ ነበር። አላደረገውም። የመጀመሪያውን ቃል እንዳለ ትቶ ሁለተኛውን ከጎኑ አስቀመጠ። ይህን ያህል ሐቀኛ የሆነን መጽሐፍ ከሐቀኝነቱ ለማዳን መሯሯጥ ለእኔ ውለታ አይመስለኝም።

«ታዲያ እስክንድርስ?» ትሉኛላችሁ። ልጁም አለ፤ ማለቱም ትክክል ነው፤ የክርክሩ ጥሩው ክፍል እዚህ ነው።

ታላቁ እስክንድር ከልደት በፊት በ332 ወደ ጢሮስ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው ገብቶ ለመልቃርት፣ ግሪኮቹ ሄራክልስ ለሚሉት አምላክ፣ መሥዋዕት ማቅረብ ነበር። ጢሮሳውያን ብልጦች ናቸው፤ መቅደስ ከፈለግህ በየብሱ ላይ አለልህ፣ እዚያ ሠዋ፣ ደሴታችን ግን ፋርስንም መቄዶንንም አታስገባም አሉት። እሱም ደሴት መሆናችሁን አስቀራለሁ ያለ ይመስል ባሕሩን መሙላት ጀመረ። አሮጌዋን የየብስ ጢሮስ አፍርሶ ድንጋይዋን፣ እንጨቷን፣ ዐፈሯን ውኃው ውስጥ እየጣለ መንገድ ሠራ። ጢሮሳውያኑ በሙጫና በድኝ የተሞላ መርከብ በእሳት ለኩሰው ላኩበት፤ ግንቦቹ ነደዱ፤ እንደገና ጀመረ፣ አስፍቶ። መጨረሻ ላይ ነገሩን የወሰነው መንገዱ ብቻ አልነበረም፤ የሲዶናና የቆጵሮስ መርከቦች ከድተው ወደ እሱ መግባታቸው ነው። ከሰባት ወር በኋላ ከተማይቱ ወደቀች። ታሪክ ጸሐፊው አርያን የሞቱትን 8,000፣ ለባርነት የተሸጡትን 30,000 ያደርሳቸዋል። ያ የተደለደለ መንገድ ደግሞ አሸዋ እየሰበሰበ ሰፍቶ ደሴቲቱን ከየብሱ ጋር አጋባት፤ የአጎቴ ልጅ ገበያ ስትመላለስበት የኖረችው ምድር እሱ ነው።

ድንጋይዋንና እንጨቷን ትቢያዋንም በውኃ ውስጥ ይጥላሉ ከሚለው ጋር ይህ መግጠሙ አይካድም። እውነቴን ነው፣ ሳነበው ፀጉሬ ይቆማል። መምህሩ «አጋጣሚ ነው» ብሎ ሊያልፈው ሲሞክር አልተቀበልኩትም፤ ባሕር ዳር ያለ ከተማ ሲፈርስ ፍርስራሹ ባሕር ይገባል ማለቱ ምክንያት ቢሆንም፣ አንድ ከተማ ተነቅሎ ለሌላው መወጣጫ ሲሆን ግን በየቀኑ የሚታይ አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው። እስክንድር በናቡከደነፆር ምዕራፍ ውስጥ ምን ያደርጋል? ጠበቆቹ፦ ቁጥር 12 ላይ እሱ የሚለው እነርሱ ወደሚል ተለውጧል፣ እነርሱ የተባሉት ደግሞ መጀመሪያ የተነገረላቸው ብዙ አሕዛብ ናቸው ይላሉ። ይሁን። ይህ ግን ከእስክንድር በኋላ ካለው ታሪክ ጋር አይስማማም፤ ጢሮስ በ20 ዓመት ውስጥ እንደገና በሁለት እግሯ ቆማ አንቲጎኖስ የተባለው የእስክንድር ጄኔራል እሷን ለመያዝ 15 ወር ፈጅቶበታል። አትሠራም የተባለችው ተሠርታለች ማለት ነው፤ እንደገናም እንደገናም።

እዚህ ላይ ከታሪክ መጽሐፍ የተሻለ ምስክር ያለው ወንጌል ነው። ጌታችን ወደ ጢሮስና ሲዶና አገር ሄዷል፤ ከነናዊቷ ሴት ውሾችም ከጌቶቻቸው ማዕድ የወደቀውን ፍርፋሪ ይበላሉ ያለችው እዚያ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሮስ ላይ ከመርከብ ወርዶ ደቀ መዛሙርት አግኝቶ ሰባት ቀን ተቀምጧል፤ ሲሄድም ከነሚስትና ከነልጆቻቸው እስከ ባሕሩ ዳር ሸኝተውታል። በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ እዚያ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያወደሰው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ነው። በሮማውያን ዘመን የተሠራው የሠረገላ መሽቀዳደሚያዋ ዛሬም ፍርስራሹ ቆሞ ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእኛው ነው። ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ወጣት ዘመዶቹን ይዞ በባሕር ሲጓዝ፣ መርከቡ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተጠቃ፤ ልጆቹ ብቻ ተረፉና ወደ አክሱም ንጉሥ ግቢ ተወሰዱ። አንደኛው ፍሬምናጦስ ነው፤ በየዓመቱ ሐምሌ 26 የምናስበው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን። ሁለተኛው ኤዴስዮስ ወደ አገሩ ተመልሶ ጢሮስ ውስጥ ቅስና ተቀበለ፤ ታሪኩንም ለታሪክ ጸሐፊው ለሩፊኖስ የነገረው እሱ ነው። እንግዲህ ጢሮስ ከናቡከደነፆር ወይም ከእስክንድር በኋላ ተፈልጋ ያልተገኘች ከሆነች፣ ለኢትዮጵያ ጵጵስናን ያመጣው ልጅ ከየት ተነሣ? ይህን ስናገር መሪጌታ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ቀጥለው «አንተስ ከኛ ወገን ነህ ማለት ነው» ብለው ጨበጡኝ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ያቺ የነፍስ ጢሮስ ናት፤ የገንዘቧ ጢሮስ ጠፍታለች» አለ። መጥፎ መልስ አይደለም። ቪዲዮው ያለው ግን ይህን አይደለም።

የመረቡስ ነገር ከየት መጣ? ይህን ለማወቅ ትንሽ ቆፈርኩ። ጢሮስን በእውነት ያፈረሷት የግብፅ ገዥዎች የነበሩት ማምሉኮች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1291 ከመስቀል ጦረኞች እጅ ሲወስዷት። ከዚያ በኋላ ለመቶዎች ዓመታት ፍርስራሽ ሆና ቆየች። በ1697 ያለፈ ሄንሪ ማውንድሬል የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ፣ አንድ ያልፈረሰ ቤት አጥቶ፣ በጓዳ ጎድጓዳው ተጠልለው ዓሣ እያጠመዱ የሚኖሩ ጥቂት ድሆች ብቻ አግኝቶ፣ ይኸው የሕዝቅኤል ቃል ብሎ ጻፈ። እሱ ያየውን ነው የጻፈው። ከተማይቱ ግን በሚቀጥለው መቶ ዓመት እንደገና መሞላት ጀመረች፤ መጽሐፎቹ ናቸው የማውንድሬልን ቃል ሳያድሱ እየተቀባበሉ እዚህ የደረሱት። ቪዲዮው የሚያሳየን የ300 ዓመት ፎቶ ነው ብል ነው የሚቀለኝ።

መሪጌታ በትርጓሜ ቤት ልማድ ነገሩን በአንድም በአንድም ዘረጉት፦ አንድም ስለ ናቡከደነፆር፣ አንድም ስለ እስክንድር፣ አንድም በባሕር ልብ ተቀምጬ አምላክ ነኝ ስላለው ትዕቢተኛ፣ እሱም ዲያብሎስ ነው። ይህን ልማድ እወደዋለሁ፤ አንዱን ንባብ ለማቆም ሌላውን አይገድልም። ነገር ግን መሸሸጊያ ሲሆንም አይቻለሁ። አንዱ አንድም ሲፈርስ ወደ ሚቀጥለው መዝለል ከተቻለ፣ የማይፈጸም ትንቢት አይኖርም። ይህን ስላቸው ቅር አላላቸውም። «ዮናስስ?» አሉኝ ብቻ።

ጥያቄው ከባድ ነው። በየዓመቱ ጾመ ነነዌን ሦስት ቀን የምንጾመው ላልተፈጸመ ትንቢት ነው። ነነዌ ትገለበጣለች ተባለ፤ አልተገለበጠችም፤ ነቢዩም ተቆጥቶ ከከተማ ወጥቶ ተቀመጠ። ኤርምያስ 18 ላይም ሕጉ ተጽፏል፤ አጠፋዋለሁ ያልኩት ሕዝብ ከክፋቱ ቢመለስ እኔም እመለሳለሁ ይላል። መምህሩ ከኦሪት ዘዳግም 18 የተናገረው ያልደረሰለት ነቢይ እግዚአብሔር ያልላከው ነው የሚለውን ጠቅሶ ሕዝቅኤልን ሊያወርደው ሲል፣ መሪጌታ በዮናስ ነው የመለሱት። በዚያው መለኪያ ዮናስም ይወድቅ ነበርና መልሱ ይይዛል። ለጢሮስ ግን ሙሉ በሙሉ አይበቃም። ነነዌ ማቅ ለብሳለች፤ ጢሮስ ንስሐ ገባች የሚል የትም አልተጻፈም። ገበረች እንጂ አልተጸጸተችም።

እኛ ሸዋዎች ስለ ትንቢት መፈጸም አፋችንን ሞልተን ባንናገር ደስ ይለኝ ነበር። የምንቀመጥባት ከተማ ስሟ ራሱ የምልክት ትርጓሜ ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ የታየውን ብርሃን አይተው ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፣ ቤተ መንግሥትም ሠሩ። ብርሃኑ ግን የታየው ከንጉሡ ጋር በሃይማኖት የተጣሉት መነኮሳት፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ በተቀጡ ማግሥት ነው፤ ለንጉሡ የእግዚአብሔር ይሁንታ ነበር፤ ለተቀጡት ወገኖች ምን እንደነበረ ማንም አይጠይቅም። ኋላ ደግሞ ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል ይል ነበርና፣ ቋረኛው ካሣ በ1847 ሲነግሥ ስሙን ወሰደ። ትንቢቱን ራሱ ላይ ጠመጠመ ማለት ይቻላል። ያ የተነገረለት ንጉሥ በዓመቱ ሸዋ ገባ፤ የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ሞቱ፤ አንጎለላ የተወለደው ልጅ ምኒልክ ተማርኮ ወደ ሰሜን ተወሰደ፣ 10 ዓመት ያህልም እዚያው ቆየ። ትንቢት ተፈጸመ ተብሎ የሚዘመርበትን ቀን ሌላው ሰው በለቅሶ ሊያስታውሰው ይችላል። ጢሮስ ስትወድቅ ኢየሩሳሌም ብትዘፍንም፣ ከተሸጡት 30,000 መካከል ገበያውም ትዕቢቱም የማይመለከተው ሕፃን ስንት ነበር?

ወደ ግብፅ እንመለስ፤ ያልጨረስነው እሱን ነው። ናቡከደነፆር ለጢሮስ ድካሙ የተሰጠው ግብፅ ነው፤ በዚያው ምዕራፍ ግብፅ 40 ዓመት ባድማ ትሆናለች፣ የሰውም የእንስሳም እግር አያልፍባትም ተብሏል። የባቢሎኑ ንጉሥ በነገሠ በ37ኛው ዓመቱ ወደ ግብፅ መዝመቱን የሚጠቅስ የተሰባበረ የሸክላ ጽሑፍ አለ። ከዚያ አልፎ ግን የ40 ዓመት ባድማ በታሪክ አይታይም፤ በዚያ ዘመን ግብፅን የገዛው አማሲስ ነው፤ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም አገሪቱ እንደ አማሲስ ዘመን በልጽጋ አታውቅም ይላል። ስለዚህ 29 የ26ን ዕዳ የሚከፍለው በሌላ ዕዳ ነው፤ ይህንንም መጽሐፉ አልደበቀውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የአጎቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከሥላሴ ሥዕል ሥር፣ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች የሚለው የዳዊት ቃል በመስታወት ተሰቅሏል። የእህቴ ልጅም መሪጌታም እሱን ሲያዩ ተስማምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እዚያ ላይ ክርክር የለም። ያው ሕዝቅኤል ግን ገጹን አንድ ብትገልጡት፣ ምዕራፍ 30 ላይ፣ ሰይፍ በግብፅ ላይ ሲመጣ ሁከት በኢትዮጵያ ይሆናል ይላል። ተዘልለው የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን የሚያስፈራ መልእክተኛ በመርከብ ይመጣባቸዋልም ይላል። ይህን በመስታወት ያሰቀለ ሰው አላየሁም። ጮክ ብዬ ሳነበው መሪጌታ፣ ያ ስለ ኩሽ ነው፣ ከግብፅ በታች ስላለችው አገር ነው አሉኝ። ዳዊትም የዘመረው ስለዚያችው አገር ነው ብዬ መለስኩላቸው። አልመለሱልኝም፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ልጁ ዞሩና «29ን አጥና፤ እኔም ከደብሩ መጽሐፍ አይቼ እመጣለሁ» አሉት። ልጁ ስለ አማሲስ አንብቤ እቆያችኋለሁ ብሏል፤ መምህሩ ለገና ሲመጣ የሄሮዶቱስን ቦታ ገልብጦ ሊያመጣ ቃል ገብቷል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ከሱር የያዘችው ፎቶ ገና ብዙ እንዳለ ነግራናለች፤ ከነዚያ ውስጥ ሠረገላ መሽቀዳደሚያው ይገኝ እንደሆን እንድትፈልግልኝ ጠይቄያታለሁ።